በደሴት የሚኖር ሕዝብ ምን ይብላ?

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተነበበ ንግግር)



በዚህ የደስታ ቀን ስለ ምግብ ለመናገር ፈቃድ ስንጠይቅ ከጓደኞቻችን አንዳንዶቹ ሳቁብን። ስለ ሥልጣኔ፣ ስለ ሳይንስ ወይም ስለ አገር ፍቅር መናገር ሲገባን ስለ ሙዝና ስለ ስኳር ድንች መናገራችን ለበዓል የማይመጥን መስሏቸው ነው። እኛ ግን አንድ ሕዝብ በየዕለቱ በገበታው ላይ የሚያቀርበው ነገር ከየት እንደ መጣ ብንመረምር የሕዝቡን ታሪክም፣ ንግድም፣ ነጻነትም በዚያው ገበታ ላይ የምናገኘው ስለ ሆነ ርእሳችንን አልለወጥንም።

የነገሩ መነሻ በክርክር ማኅበራችን የቀረበ አንድ ጥያቄ ነው። ጥያቄውም «በደሴት የሚኖር ሕዝብ በገዛ አፈሩ የበቀለውን ይግዛ ወይስ በመርከብ የመጣለትን?» የሚል ነበር። ክርክሩ ስለ ደሴቶች ሁሉ በጅምላ የሚናገር ስለ ነበረ፣ ከዚያ ወዲህ እኛ አንዲት ደሴት መርጠን የእርሷን ነገር በዝርዝር ለማጥናት ተስማማን። የመረጥናትም ጃማይካን ነው። የጃማይካ ስም ለኢትዮጵያ ሰው እንግዳ አይደለም። ግርማዊ ቀዳማዊ ኀይለ ሥላሴ ሚያዝያ ወር 1966 ወደዚያች ደሴት በሄዱ ጊዜ በኪንግስተን አውሮፕላን ማረፊያ የተሰበሰበው ሕዝብ ብዛት እስካሁን ይነገራል፤ ከዚያችም አገር መጥተው በሻሸመኔ የተቀመጡ ወገኖች አሉ። (በዚህ ንግግር የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ጃማይካ በካሪብያን ባሕር ውስጥ የምትገኝ ስትሆን ስፋቷ ወደ 11 ሺሕ ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። ይህም የኢትዮጵያን መቶኛ እጅ ያህል ማለት ነው። በላይዋም 2 ሚሊዮን ተኩል የሚያልፍ ሕዝብ ይኖራል። ከተራሮቿ ከፍተኛው 2,256 ሜትር ይደርሳል፤ በነዚሁ ተራሮች ላይ ከአበሻ ምድር የወጣው ቡና በ18ኛው መቶ ዓመት ገብቶ ዛሬ በዓለም ውድ ከሚባሉት ቡናዎች አንዱ ሆኗል። ዝናቧ ብዙ ነው፤ አፈሯም ለም ነው፤ ክረምትና በጋ ሳይባል አንድ ነገር ሳይበቅልባት የሚያልፍ ወር የለም። እንግዲህ ይህን የሰማ ሰው የዚያች አገር ሕዝብ ምግቡን ሁሉ ከገዛ መሬቱ የሚያገኝ ይመስለዋል። ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም። ጃማይካ በየዓመቱ ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ የሚያወጣ ምግብ ከውጭ ትገዛለች። ስንዴ በምድሯ ስለማይበቅል ዳቦዋ ሁሉ በመርከብ በመጣ ስንዴ የተጋገረ ነው፤ ሩዟም ቢሆን ከጥቂቱ በቀር የሌላ አገር ሩዝ ነው።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ እኛን ያስደነቀን የሕዝቡ ዋና ምግብ ተብሎ የሚጠራው ወጥ ነው። ይህ ወጥ ከሁለት ነገር ይሠራል። አንደኛው አኪ የሚባል ፍሬ ነው። አኪ ከምዕራብ አፍሪካ የሄደ ዛፍ ሲሆን፣ ፍሬው በዛፉ ላይ ሳለ በገዛ እጁ አፉን ከፍቶ ካልታየ በቀር መርዝ ስለ ሆነ አይበላም፤ የበሰለው ሲቀቀል ግን መልኩ እንደ እንቁላል ፍርፍር ይመስላል። ሁለተኛው በጨው የደረቀ ዓሣ ነው። ይህ ዓሣ ከጃማይካ ባሕር የተያዘ እንዳይመስላችሁ። ኮድ የሚባለው ይህ ዓሣ ከሰሜን፣ ከቀዝቃዛው ባሕር፣ ከካናዳና ከኖርዌይ በኩል የሚመጣ ነው። ጥንት የሸንኮራ አገዳ ባለርስቶች ለባሪያዎቻቸው ቀለብ ርካሽ የሆነውን ደረቅ ዓሣ ያስመጡ ነበር፤ ባርነቱ ቀረ፣ ዓሣው ግን በምላስ ላይ ቀረ። ዙሪያውን ባሕር የከበበው ሕዝብ ዓሣ ከሌላ ባሕር ይገዛል ማለት ነው። የሰው ምላስ ከነገሥታት አዋጅ ይልቅ ብዙ ዘመን እንደሚኖር ከዚህ ተረድተናል።

ወደ ታሪኩ ስንመለስ ነገሩ ከባድ ይሆናል። እንግሊዞች ደሴቲቱን በያዙበት ዘመን ሜዳውና ለሙ መሬት ሁሉ በሸንኮራ አገዳ ተሸፍኖ ነበር። ስኳሩ ወደ አውሮፓ ይጫናል፤ ለሠራተኛው የሚሆነው ዱቄት፣ ሩዝና ደረቅ ዓሣ ደግሞ ከሰሜን አሜሪካ ይመጣል። ለአገዳ የማይመቸው ተራራና ገደላ ገደሉ ለባሪያዎቹ ይተውላቸውና በእሑድና በተረፈቻቸው ሰዓት ቦዬ፣ ጎደሬ፣ ካሳቫና ሙዝ ይተክሉበት ነበር። የተረፋቸውንም በእሑድ ገበያ ይሸጡ ስለ ነበር፣ ጌቶቹ ራሳቸው የሚበሉት አትክልት ብዙው ከነዚያ ሰንሰለት ካሰረቸው ሰዎች እርሻ የመጣ ነበር።

ከዚያም አሜሪካኖች ከእንግሊዝ ጋር ተጣልተው ጦርነት በተነሣ ጊዜ የቀለቡ መርከብ ቀረ። ጦርነቱ በ1783 ቢያበቃም እንግሊዝ የአሜሪካን መርከቦች ወደ ቅኝ ግዛቶቿ እንዳይገቡ ከለከለች። በዚያው ዘመን ከ1780 ጀምሮ በተከታታይ የመጡ ዐውሎ ነፋሶች ሙዙንና የተራራውን እርሻ ጠራርገው ወሰዱት። የደሴቲቱ ምክር ቤት ራሱ ከ1780 እስከ 1787 ባለው ጊዜ 15 ሺሕ ያህል ባሪያዎች በረኀብና ረኀብ ባመጣው በሽታ እንደ ሞቱ ገምቷል። 15 ሺሕ ሰው! ያውም መሬቱ ሁሉ አረንጓዴ ሆኖ ሳለ፤ ነገር ግን አረንጓዴው ሸንኮራ ነበር። ሸንኮራ ደግሞ የሚመጠጥ እንጂ ቀለብ የሚሆን አይደለም።

በዚህ ጊዜ ባለርስቶቹ የፈለጉት መድኀኒት መሬቱን ለምግብ መልቀቅ አልነበረም፤ ይልቁንስ ከሩቅ አገር ርካሽና ብዙ ፍሬ የሚሰጥ ዛፍ ማስመጣት ነበር። ካፒቴን ብላይ የተባለው የመርከብ አዛዥ የዳቦ ፍሬ የሚባለውን ተክል ከታሂቲ ደሴት እንዲያመጣ ተላከ። በመጀመሪያው ጕዞ በ1789 መርከበኞቹ ዐምፀው እርሱን በጀልባ ባሕር ላይ ጣሉት፤ ተክሉንም ወደ ውኃ ወረወሩት። በሁለተኛው ጕዞ ግን በ1793 ጃማይካ አደረሰው። ዛፉ በቀለ፣ አፈራ፤ ሕዝቡ ግን ብዙ ዘመን ችላ ብሎት እንደ ቆየ ይነገራል። የለመደውና በገዛ እጁ የተከለው ቦዬ ነበረና። ዛሬ ግን የዳቦ ፍሬ በእሳት ተጠብሶ በየቤቱ የሚበላ፣ ባዕድ መሆኑ የተረሳ ምግብ ሆኗል። ስለዚህም «የአገር ምግብ» የሚለው ቃል እንደ ድንበር በአንድ ቀን የሚሰመር አይደለም፤ በርበሬና ድንች፣ በቆሎም ጭምር ወደ እኛ አገር ከባሕር ማዶ የመጡ መሆናቸውን የታሪክ መምህራችን ሲነግሩን በክፍላችን ውስጥ የሆነውን ጩኸት እናስታውሳለን።

ባርነት በ1834 በሕግ ተሻረ፤ ሙሉው ነጻነት የተገኘው ግን በ1838 ነው። ነጻ የወጣው ሰው መጀመሪያ የፈለገው ነገር መሬት ነበር። ባለርስቶቹ መሬት አንሸጥም አሉ፤ ጎጆአቸውን ባልተለቀቁት ላይም ኪራይ ጨመሩ። በዚህ ጊዜ የባፕቲስት ሚሲዮናውያን ተነሥተው ሰፋፊ መሬት እየገዙ በትናንሹ እየከፈሉ ለነጻ ሰዎች ማከፋፈል ጀመሩ። ጄምስ ፊሊፖ የተባሉት ሚሲዮናዊ ከስፓኒሽ ታውን በላይ ባለው ተራራ በ1835 መሬት ገዝተው ያቋቋሙት ስላይጎቪል የሚባለው መንደር ከነጻ መንደሮች ሁሉ የመጀመሪያው ተብሎ ይጠራል። በመንደሩ ቤተ ክርስቲያንና ትምህርት ቤት ይሠራል፤ በዙሪያውም እያንዳንዱ ቤተሰብ ቦዬውንና ሙዙን ይተክላል። እኛም በሚሲዮን ትምህርት ቤት ያደግን እንደ መሆናችን ይህን ስናነብ የራሳችንን ግቢ፣ የጸሎት ቤቱንና ከኋላው ያለውን የጎመን መደብ ማሰባችን አልቀረም። የጃማይካ ትንሽ ገበሬ ታሪኩ ከዚያ ይጀምራል። ዛሬም የአብዛኞቹ ገበሬዎች መሬት ከ2 ሄክታር አይበልጥም፤ ያውም ተዳፋት ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ቅርብ ዘመን እንምጣና የወተቱን ነገር እንንገራችሁ። ከጥናታችን ሁሉ በጣም ያከራከረን ይህ ነው።

ከአውሮፓ የመጡ ላሞች በጃማይካ ሙቀትና መዥገር እየተሠቃዩ ወተታቸው ይቀንስ ነበር። የአገሩ ላሞች ደግሞ ሙቀቱን ቢችሉም ወተታቸው ጥቂት ነው። በ1904 የተወለዱት ዶክተር ቶማስ ሌኪ የተባሉ የደሴቲቱ ልጅ በካናዳና በኤድንበራ ተምረው ተመለሱና የጀርሲን ላም ከሕንድ ዘር ከሆነው ሳሂዋል፣ ጥቂትም ከሆልስታይን ጋር እያዳቀሉ ብዙ ዓመት ደከሙ። በ1952 «ጃማይካ ሆፕ»፣ ማለትም የጃማይካ ተስፋ የተባለው የላም ዘር በይፋ ታወቀ። ይህች ላም በሙቀት አገር፣ በትንሽ ገበሬ በረት፣ በተራ ሣር ብዙ ወተት የምትሰጥ ናት። አንድ ጥቁር ሊቅ ለገዛ አገሩ ገበሬ የሚሆን ላም ፈጠረ ማለት ነው፤ ይህ ሥራ ከአንድ ትልቅ ሕንፃ ወይም ሐውልት እንደሚበልጥ እኛ እናምናለን።

ይሁን እንጂ ጃማይካ በዕዳ ተይዛ ስለ ነበር አበዳሪዎቿ ገበያዋን እንድትከፍት አስገደዷት። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በወተት ላይ የነበረው የቀረጥና የድጎማ ጥበቃ ሲነሣ ከአውሮፓና ከአሜሪካ የዱቄት ወተት ጎረፈ። የዱቄት ወተቱ የረከሰው የአውሮፓ ላም ብልኅ ስለ ሆነች አይደለም፤ መንግሥታቱ ለገበሬዎቻቸው ከግምጃ ቤት ድጎማ ይከፍሉ ስለ ነበር ነው። የጃማይካ ገበሬ ወተቱን የሚገዛው አጥቶ በመሬት ላይ አፈሰሰው፤ ላሞቹንም ለሥጋ ሸጠ። በ1992 ወደ 38 ሚሊዮን ሊትር ደርሶ የነበረው የዓመት ወተት ከ20 ዓመት በኋላ ግማሹን እንኳ አልሞላም። ርካሽ ወተት ለድኻ ልጅ መልካም አይደለምን? ብለው ከመካከላችን ሁለቱ አጥብቀው ተከራከሩ። ነገሩ እውነት አለው። ኪንግስተን ውስጥ በቀን ሥራ የምትኖር እናት ለልጅዋ የምትገዛው ጣሳ ቢረክስላት የገበሬውን ላም የምታስብበት ምክንያት የላትም። ነገር ግን አንድ ጊዜ የታረደች ላም ዋጋው ሲወደድ ተመልሳ አትመጣም። የዱቄት ወተት ዋጋ በዓለም ገበያ በ2007 እጅግ በናረ ጊዜ ደሴቲቱ ዋጋውን ከመክፈል በቀር ሌላ ምርጫ አልነበራትም፤ በረቶቹ ባዶ ነበሩና።

በሚቀጥለው ዓመት በ2008 ደግሞ የሩዝ ዋጋ ሰማይ ሲነካ ሩዝ የሚሸጡ እንደ ሕንድና እንደ ቬትናም ያሉ አገሮች ለራሳቸው ሕዝብ ብለው ሽያጩን ከለከሉ ወይም ቀነሱ። ይህን በክርክሩ ላይ የመርከብ ወገን የነበሩት ተማሪዎች ሊመልሱት አልቻሉም። ገንዘብ ይዞ መሄድ አይበቃም፤ ሻጩ አልሸጥም ሊል ይችላልና። የጃማይካም መንግሥት በዚያን ጊዜ ካሳቫ ትከሉ፣ ካሳቫ ብሉ እያለ ይሰብክ ጀመር። ካሳቫ የደሴቲቱ የመጀመሪያ ነዋሪዎች የታይኖዎች ምግብ ነው። ሥሩ ይፋቃል፤ መርዛማው ውኃ እስኪወጣ ይጨመቃል፤ ከዚያም ባሚ የሚባል ክብ ቂጣ ሆኖ ይጋገራል። የእኛ እናቶች እንሰት ፍቀው ቆጮ ሲያዘጋጁ ያየ ሰው የባሚን ሥራ ለመረዳት ብዙ አይቸገርም።

ከ1895 ጀምሮ የቆየው የጃማይካ የእርሻ ማኅበርም ከ2003 ጀምሮ ሕዝቡ የአገሩን ምግብ እንዲበላ ዘመቻ ሲያደርግ ቆይቷል። ራስ ተፈሪያውያንም ከማንም አስቀድመው አይታል በሚሉት ሥርዓታቸው የጣሳ ምግብ ትተው ከአፈር የወጣውን ብቻ ይበሉ ነበር፤ ሰዎች ያን ጊዜ ያሾፉባቸው ነበር፤ አሁን ግን ሐኪሞቹም ወደዚያው የሚያዘነብሉ ይመስለናል። ሯጩ ዩሴን ቦልት በ2008 በቤጂንግ የወርቅ ሜዳልያዎቹን ባገኘ ጊዜ አባቱ የልጃቸው ፍጥነት ከትሬሎኒ አውራጃ ቦዬ የመጣ ነው ብለው ለጋዜጠኞች ተናገሩ። የስፖርት መምህራችን ይህን አይቀበሉትም። ሆኖም ያ ቃል ከዘመቻው ሁሉ ይልቅ ለቦዬ ገበያ የጠቀመ ሳይሆን አይቀርም።

ገበሬው ደግሞ ሰነፍ ነው እንዳይባል የሴንት ኤልዛቤትን አውራጃ እንመልከት። ይህ በደቡብ በኩል ያለ አውራጃ ተራሮች ዝናቡን ስለሚጋርዱበት ደረቅ ነው፤ አፈሩም ቀይ ነው። ገበሬው የጊኒ ሣር የሚባለውን ረጅም ሣር እያጨደ በችግኞቹ መካከል ወፍራም ጉዝጓዝ ያነጥፋል። ጉዝጓዙ ፀሐይ አፈሩን እንዳታደርቀው ይከላከላል፤ አረም እንዳይወጣ ያፍናል፤ በስብሶም ፍግ ይሆናል። በዚህ ዘዴ ከዚያ ደረቅ መሬት ቅጠል ሽንኩርት፣ ጦስኝ፣ ቲማቲም፣ ካሮትና ሐብሐብ በብዛት እየወጣ የአገሪቱ ጎተራ እስከ መባል ደርሷል። ሂግለር የሚባሉት ነጋዴ ሴቶች ከገበሬው ገዝተው በጭነት መኪና ወደ ኪንግስተን ወደ ኮሮኔሽን ገበያ ይወስዱታል። እነዚህ ሴቶች የእሑድ ገበያውን ከባርነት ዘመን ጀምረው ያላቋረጡ ናቸው። ከመንግሥት ዕቅድ ይልቅ ከተማውን የሚመግቡት እነርሱ ናቸው ብንል ያጋነንን አይመስለንም።

የመርከብ ወገን የሆኑት ጓደኞቻችን ያቀረቡት ክርክር ግን ቀላል አልነበረም፤ ደብቀነው ብናልፍ አግባብ አይሆንም። የአገሩ አትክልት ብዙ ጊዜ ከውጭው ይወደዳል፤ ተዳፋት መሬት በትራክተር አይታረስምና። ሌባም አለ። በሌሊት ገብቶ የአንድ ዓመት ቦዬ ነቅሎ ወይም ፍየል ነድቶ የሚሄድ ሌባ በጃማይካ ገበሬ ላይ ካሉት መከራዎች ዋናው ነው፤ ሻጩ ምርቱን ከየት እንዳገኘ ደረሰኝ እንዲይዝ የሚያስገድድ ሕግ እስከ መውጣት ተደርሷል። ከዚህም ሌላ «የአገር» የሚባለው ሁሉ በርግጥ የአገር ነው ወይ? የጃማይካ ዶሮ በጃማይካ ይፈለፈላል፣ በዚያው ያድጋል፤ የሚበላው በቆሎና አኩሪ አተር ግን በመርከብ የመጣ ነው። ስለ ነዳጅ የተነሣውም ነገር እንደዚሁ ነው፤ አንድ ኩንታል በትልቅ መርከብ ባሕር ሲሻገር የሚያስፈልገው ነዳጅ ያው ኩንታል በአሮጌ መኪና ተራራ ለተራራ ከሚፈጀው ጋር ሲነጻጸር በኪሎ ሜትር እጅግ ያነሰ ነው። ስለዚህ ቅርብ የሆነ ሁሉ ነዳጅ ይቆጥባል ማለት አይቻልም። በአውሮፕላን የሚመጣው ብቻ ነው በእውነት የሚያባክነው።

ከሁሉ የበለጠው መልሳቸው ግን ዐውሎ ነፋሱ ነው። ሐምሌ መጀመሪያ ላይ በ2024 ቤሪል የተባለው ዐውሎ ነፋስ በደሴቲቱ ደቡብ ዳርቻ ሲያልፍ ያንኑ ሴንት ኤልዛቤትን መታው። ገበሬው ገና ሳያገግም ጥቅምት 28 ቀን 2025 ሜሊሳ የተባለው፣ በሰዓት ከ290 ኪሎ ሜትር በላይ የሚነፍስ፣ ከዐውሎ ነፋሶች ሁሉ በከፍተኛው በአምስተኛው ደረጃ ላይ የነበረ ማዕበል በምዕራብ በኩል ገባ። ቤቱን፣ ሙዙን፣ የዶሮውን ቤት፣ የጉዝጓዙን እርሻ ሁሉ አጠፋ። በዚያ ሳምንት ለተራበ ሰው የአገርህን ብቻ ብላ ማለት ግፍ ነው። ያዕቆብ ልጆቹን እህል እንዲሸምቱ ወደ ግብፅ የላካቸው የከነዓንን አፈር ስለ ናቀ አልነበረም፤ ረኀብ ስለ ጸና ነው እንጂ። ስለዚህ ወደቡን ዝጉ የሚል ሰው በመካከላችን የለም።

ነገር ግን በዮሴፍ ታሪክ ውስጥ ጎተራ እንደ ነበረ አንርሳ። ደግሞም ዐውሎ ነፋስ ሁሉንም እኩል አይመታም። ሙዝና የዳቦ ፍሬ ዛፍ ይወድቃሉ፤ ከመሬት በታች ያለው ካሳቫና ስኳር ድንች ጎርፍ ካላበሰበሰው በቀር ብዙ ጊዜ ይተርፋል። መርከብም ቢሆን ወደብ ይፈልጋል፤ ወደቡ ከተሰበረ ወይም መንገዱ በመሬት መንሸራተት ከተዘጋ ተራራ ላይ ላለው መንደር የሚደርስለት ምግብ ከደጁ የሚቆፍረው ብቻ ነው።

ሌላው ያየነው ነገር ሆቴሎቹን የሚመለከት ነው። ወደ ጃማይካ በ2019 ከ4 ሚሊዮን በላይ ጎብኝዎች መጡ። ይህ ሁሉ ሰው ቁርስ፣ ምሳና ራት ይበላል፤ ብዙው ግን የሚበላው ከአገሩ የመጣለትን ነው፤ የሆቴል ምግብ ቤት በየቀኑ በመጠኑ አንድ ዐይነት የሆነ ቲማቲም በብዛት ስለሚፈልግና ከመቶ ትናንሽ ገበሬዎች መሰብሰብ ስለሚያደክመው ነው። ለሆቴል መሸጥ የቻሉት ገበሬዎች ደግሞ በ2020 በወረርሽኙ ምክንያት አውሮፕላን ሲቀር ሐብሐባቸውና ሰላጣቸው በማሳው ላይ ቀረ። መንግሥት እየገዛ ለሕዝቡ ማከፋፈል ግድ ሆነበት። እንግዲህ የአገር ምርት ማለት የአገር ሰው የሚገዛው ካልሆነ እርሱም እንደ ጥንቱ ስኳር በባዕድ አፍ ላይ የተንጠለጠለ ነው።

ይህን ሁሉ ስንሰማ «ኢትዮጵያ ደሴት አይደለችም፤ ይህ ለእኛ ምናችን ነው?» የሚል ይኖራል። እኛም ራሳችንን ጠይቀናል። ባሕር ባይከበንም የራሳችን ወደብ ስለሌለን ከውጭ የምንገዛው አብዛኛው በጅቡቲ በኩል ይገባል። ሰሊጣችን ከአገር ከሚወጡት ዋና ዋና ምርቶች አንዱ ሆኖ ሳለ በየቤታችን የሚጠበሰው ሽንኩርት በብዙው ከማሌዥያና ከኢንዶኔዥያ በመጣ የፓልም ዘይት ነው። ስኳር አውጥቶ ዱቄት ከሚያስገባው ጥንታዊ የጃማይካ ባለርስት ይህ በምን ይለያል? ብለን የጠየቅነው የሒሳብ መምህራችን፣ ሰሊጡ የሚያመጣውን የውጭ ምንዛሪና ዘይቱ የሚወስደውን አስቀምጣችሁ አስሉ ብለውናል። መልካም ምክር ነው፤ በዓሉ ሲያልፍ እንሠራዋለን። ነገር ግን የጃማይካን ወተት ካየን በኋላ ሒሳቡ በዛሬው ዋጋ ብቻ የሚያልቅ አይመስለንም፤ የኑግ መጭመቂያውን ሥራ የሚያውቅ ሰው ካለቀ በኋላ ዘይት ቢወደድ ምን ሊደረግ ነው?

በክርክር ማኅበራችን ድምፅ ሲሰጥ የአፈር ወገን አሸነፈ፤ ብልጫው ግን ትንሽ ነበር። ተሸናፊዎቹም አንድ ነገር ጠየቁ፤ በአፋችሁ የምታወድሱትን በሆዳችሁ አሳዩን አሉ። እውነት ነው፤ በትምህርት ቤታችን ሱቅ ውስጥ ከባሕር ማዶ የመጣ ብስኩት ተደርድሮ ይሸጣል፤ በአጥሩ ውጭ ደግሞ እናቶች ቆሎና የተቀቀለ በቆሎ ይዘው ፀሐይ ላይ ይቀመጣሉ። ስለዚህ ለክቡር ርእሰ መምህራችን ማመልከቻ ጽፈን እነዚህ እናቶች በዕረፍት ሰዓት ወደ ግቢው ገብተው እንዲሸጡ ጠይቀናል። እርሳቸውም ነገሩን ከወላጆች ኮሚቴ ጋር እንደሚመለከቱት ነግረውናል። ወላጆቻችን ሆይ፣ ጉዳዩ አሁን በእናንተ እጅ ነው፤ የምትሰበሰቡትም በመጪው ቅዳሜ ነው።

እስከዚያው ግን ከዚህ አዳራሽ ስትወጡ በቀኝ በኩል ባለው የዋርካ ጥላ ሥር ጠረጴዛ ታገኛላችሁ። በላዩም የክፍላችን ልጆች ከየቤታቸው ያመጡት የተቀቀለ ቦዬ፣ ጎደሬና ካሳቫ ከዳጣ ጋር ቀርቧል። ካሳቫው በሚገባ ተልጦ፣ ተዘፍዝፎና ተቀቅሎ የተዘጋጀ ስለ ሆነ የሚያስፈራ ነገር የለውም። ቦዬ ቀምሰው የማያውቁ ከሰሜን የመጡ መምህራን እንዳሉ ስለምናውቅ ለእነርሱ የሚሆን ድርሻ ለይተን አስቀምጠናል። ሻዩም ያለው ከዚያው ነው።